ማለዳ ወጥቶ በ10 ሰዓት መውረድ

ደብረ ሲናን በአንድ ቀን ወጥቶ ለመውረድ ከተጻፉት የጉዞ ዕቅዶች ሁሉ እኔ ዛሬም የምይዘው በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈውን ነው። ጸሐፊዋ ኤጌሪያ የምትባል ሴት ናት። ከምዕራብ አውሮፓ ዳርቻ፣ ምናልባትም ከዛሬዋ ስፔን ተነሥታ ከ381 እስከ 384 ባሉት ዓመታት ግብፅን፣ ሲናንና ኢየሩሳሌምን ዞረች፤ ያየችውንም አገር ቤት ለቀሩ እኅቶቿ በደብዳቤ ጻፈችላቸው። (እዚህ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤው ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ኖሮ በ1884 ጋሙሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር አሬዞ ከተማ ውስጥ በአንድ የብራና መጽሐፍ መካከል አገኘው። መጀመሪያውም መጨረሻውም የለም። ስሟን እንኳ ያወቅነው በ7ኛው መቶ ዘመን ስለ እርሷ ከጻፈ አንድ መነኩሴ ነው። ደግነቱ የተረፈው ክፍል የሚጀምረው ልክ ወደ ሲና ተራራ ስትቃረብ ነው።

ውሎዋ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ማታ ተራራው ሥር ደርሳ ከመነኮሳት ዘንድ አደረች። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከቄሱና ከመነኮሳቱ ጋር መውጣት ጀመረች። በእንስሳም በወንበርም የማይወጣ አቀበት ስለሆነ በእግሯ ወጣች፤ መንገዱ እየዞረ ከፍ የሚል ሳይሆን እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ መሆኑን ለእኅቶቿ ሳትነግራቸው አላለፈችም። በ4 ሰዓት ጫፉ ላይ ደረሰች። እዚያ በነበረችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሙሴ መጽሐፍ ተነበበ፣ ቅዳሴ ተቀደሰ፣ መነኮሳቱም በተራራው የበቀለ ፍሬ ለበረከት ሰጧት። ከዚያ ወደ ኤልያስ ዋሻ ወረደች። በ8 ሰዓት ገደማ ከዋሻው ተነሥታ በ10 ሰዓት ዕፀ ጳጦስ ካለበት ደረሰች። ቀኑ ስለመሸ ቅዳሴ አልሆነም፤ ጸሎት አድርሰው፣ ከቁጥቋጦው ፊት ባለው አትክልት ውስጥ ቀለል ያለ ራት በልተው እዚያው አደሩ።

ሰዓቱን አልቀየርኩትም። ሮማውያን ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ስለሚቆጥሩ የኤጌሪያ 4 ሰዓት የእኛው የረፋዱ 4 ሰዓት ነው። የፈረንጅ አንባቢ በግርጌ ማስታወሻ የሚረዳውን እኛ እንዲሁ እናነበዋለን። የሮማውያን ሰዓት ከወቅቱ ጋር ረዘም አጠር ይል እንደነበር አውቃለሁ፤ ለተራራ ወጪ ግን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

እኔ ካይሮ ከከተምኩ ቆይቻለሁ። እንጀራዬ አስተርጓሚነት ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይና ከአውሮፓ እየመጡ ሲናን መሳለም ለሚፈልጉ ወገኖች መንገድ ማስተካከል እኔ ላይ ወድቋል። ደውለው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ፀሐይ ስትወጣ እዚያ ላይ እንድንሆን በስንት ሰዓት እንነሣ?" እኔ ደግሞ፦ "የመጣችሁት ተራራውን ለማየት ነው ፀሐይን?" እላለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። በሌሊት መውጣት የዚህ ተራራ ጥንታዊ ሥርዓት ይመስላቸዋል። አይደለም። ደረጃውን የጠረቡት፣ ጉድጓዱን የቆፈሩት፣ ተራራውን በእግራቸው ያወቁት ሰዎች የቀን ሰዎች ነበሩ።

መጽሐፉም ከእነርሱ ጋር ነው። በዘፀአት 34 ሙሴ ሁለቱን ጽላት ጠርቦ ለማለዳ እንዲዘጋጅ ይታዘዛል፤ ማለዳም ተነሥቶ ይወጣል። በቀዳማዊ ነገሥት 19 ደግሞ ኤልያስ ወደ ኮሬብ ከመሄዱ በፊት መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። ሰዓትና ስንቅ፣ ሁለቱም እዚያ ተጽፈዋል።

ተራራው ራሱ ምን ዓይነት ነው? ዛሬ ጀበል ሙሳ የሚባለው ጫፍ 2,285 ሜትር ነው። ሥሩ ያለው ገዳም 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠ የሚወጣው ቁመት 700 ሜትር ያህል ነው። ይህን ሲሰማ የአገራችን ሰው ሊንቀው ይችላል። እውነትም አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ቤቱ ከሲና ጫፍ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከእኛ ወገን የሚመጣውን አየሩ አያጥረውም፤ የሚያጥረው ውኃና ጥላ ነው። ቀዩ ድንጋይ አፈር አልለበሰም። ዝናብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይጥላል፣ አንዳንዱን ዓመት ጭራሹን ይቀራል፤ ሲመጣ ደግሞ በጎርፍ ይመጣል። በክረምታቸው፣ ማለትም በታኅሣሥና በጥር፣ ጫፎቹ በረዶ የሚለብሱበት ጊዜ አለ። በረሃ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ስስ ጃኬት ይዘው ይመጡና የሌሊቱን ብርድ ሲያዩ ገዳሙ ደጅ ላይ ብርድ ልብስ ይከራያሉ።

ከጎኑ የቅድስት ካትሪን ተራራ አለ፤ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፣ በግብፅ ምድር የሚበልጠው የለም። የእስክንድርያዋን ሰማዕት አስከሬን መላእክት ወደዚያ እንዳፈለሱት ይታመናል። መነኮሳቱ ከጊዜ በኋላ አፅሟን ተሸክመው ሲወርዱ ውኃ ጠማቸው፤ አንዲት ቆቅ ምንጭ አሳየቻቸው ይባላል። የቆቋ ምንጭ ዛሬም በመንገዱ ላይ አለ። በዚህ አገር ውኃ ሁሉ ታሪክ አለው። ታሪክ የሌለው ውኃ ካጋጠማችሁ ከሱቅ የተገዛ ነው።

ከኤጌሪያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ6ኛው መቶ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ዕፀ ጳጦስ ባለበት ቦታ ዛሬ የምናየውን የግንብ ገዳም አሠራ፤ በጣሪያው ወራጅ ላይ ያሉት ጽሑፎች ሥራው ከ548 እስከ 565 ባለው ጊዜ መከናወኑን ያሳያሉ። በጫፉም ላይ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ስለዚህ ሲተርክ አንድ ነገር ይጠቅሳል፦ በተራራው ጫፍ ላይ ማንም ማደር አይችልም፤ ሌሊት ሌሊት የነጎድጓድ ድምፅና የሚያስፈራ መለኮታዊ ምልክት ይሰማልና። በ570 አካባቢ የመጣው ከጣሊያኗ ፒያቼንዛ የተነሣ ተሳላሚም ያንኑ ያረጋግጣል። እዚያ ላይ የሚያድር የለም፣ መነኮሳቱ ሲነጋ ወጥተው ያስቀድሳሉ ይላል። ተሳላሚዎች ለስእለት ጠጉራቸውንና ጢማቸውን እዚያ ላይ ይላጩ እንደነበርም ጽፏል። እርሱም ጢሙን ተላጭቷል። በገዳሙ ላቲን፣ ግሪክ፣ ሱርስትና ቅብጥ የሚያውቁ አባቶችና ብዙ አስተርጓሚዎች እንደነበሩም ይነግረናል። ይህችን መስመር ሳነብ የሙያ ዘመዶቼን ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል።

ከገዳሙ ወደ ጫፉ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ የዚህ ዘመን ወይም የቀጣዩ መነኮሳት ሥራ ነው። ቁጥሩ በልማድ 3,750 ነው ይባላል፤ ከገዳሙ እስከ ኤልያስ ሜዳ 3,000፣ ከዚያ እስከ ጫፉ 750። አንድ መነኩሴ ለንስሐ ብቻውን ጠረበው የሚል ትውፊት አለ። ድንጋዮቹን ያየ ሰው አንድ ሰው በዕድሜው ይህን ሊፈጽም አይችልም ሊል ይችላል። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው፤ ሆኖም ትውፊቱን ለሚነግሩኝ መነኮሳት ተቃውሞ አቅርቤ አላውቅም። በደረጃው አጋማሽ ላይ በሁለት ቋጥኞች መካከል የድንጋይ ቅስት በር አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን እስጢፋኖስ የሚባል መነኩሴ እዚያ ተቀምጦ የሚወጣውን ሁሉ ይናዝዝ ነበር፤ ያልተናዘዘ አያልፍም። እስጢፋኖስ ዛሬም ከሥራው አልተነሣም ማለት ይቻላል። የገዳሙ መቃብር ጠባብ ስለሆነ የመነኮሳቱ አፅም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወጥቶ በዐፅም ቤት ይከማቻል፤ የእርሱ ግን የምንኩስና ልብስ እንደለበሰ በመግቢያው ተቀምጧል።

በዚህ በር ያለፈ ሰው ኤልያስ ሜዳ ይደርሳል። በቋጥኞች የተከበበ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነው፤ የጥንት ጥድ፣ ትንሽ የውኃ ግድብ፣ የኤልያስና የኤልሳዕ ጸሎት ቤቶች አሉበት። ጥላ ያለው እዚህ ነው፤ ነፋሱም አይበረታም። የአንድ ቀን ጉዞ ሲታቀድ ወሳኙ ጥያቄ የት ደርሶ መመለስ ይቻላል የሚለው ነው፤ ይህን ጥያቄ የጥንቶቹ በዚህ ሜዳ መልሰውታል። ጉልበቱ የደከመ ሰው እዚህ ጸልዮ ቢመለስ ማንም ጎደሎ አይለውም፤ የኮሬብ ዋሻ እዚህ ነውና።

ከመነኮሳቱ ቀጥሎ ተራራውን በእግራቸው ያወቁት ጀበሊያ የሚባለው ጎሣ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የጉዞ መጻሕፍት ሁለት መስመር ሰጥተዋቸው ያልፋሉ። የ10ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ አውጢኪዮስ እንደጻፈው ዮስቲንያኖስ ገዳሙን እንዲጠብቁና እንዲያገለግሉ 100 ሰው ከሮም ግዛት፣ 100 ሰው ከግብፅ፣ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ልኮ አሰፈረ። ጀበሊያዎች ዘራችንን ከእነዚያ እንቆጥራለን ይላሉ፤ ከዳኑቤ ወዲያ ከሚገኘው ከቫላኪያ መጣን የሚሉም አሉ። በጊዜ ብዛት ሰለሙ፣ ዐረብኛ ቋንቋቸው ሆነ፣ አኗኗራቸውም እንደ በደዊን ሆነ። ከገዳሙ ጋር ያላቸው ውል ግን አልተፈታም። ሙስሊም ጎሣ የክርስቲያን ገዳም ጠባቂ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት መኖሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብዙም አይደንቀን ይሆናል፤ አውሮፓውያን ጎብኚዎች ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነገር ይጽፉታል።

ከሌሎቹ በደዊኖች የሚለያቸው አትክልታቸው ነው። በየሸለቆው በድንጋይ አጥር የተከበበ ለውዝ፣ አፕሪኮት፣ ሮማን፣ በለስ፣ ወይንና ወይራ አላቸው። ጎርፉ የሚያመጣውን አፈር በግድብ ይይዛሉ፤ በቋጥኙ ስንጥቅ የሰረገውን ውኃ በጉድጓድ ያወጣሉ። ለኤጌሪያ በበረከት የተሰጣት ፍሬ የዚሁ ዓይነት ሥራ ውጤት ነበር፤ እርሷም በተራራው ሥር መነኮሳቱ ስለሚተክሏቸው ዛፎች ጽፋለች። ጀበሊያዎቹ ገደሉ ቀጥ ባለበት ቦታ ድንጋይ ደርድረው ግመል የሚያሳልፍ መተላለፊያ ሠርተዋል፤ ናቅብ ይሉታል። ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር አይቶ በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ ያለ ሰው ናቅቡን ካላወቀ ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል ሲዞር ይውላል። የመንገዱ ዕውቀት ያለው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ሰዎቹ ዘንድ ነው፤ ምልክት የሌለው መንገድ ብዙ ነው፣ አትክልቱም የባለቤቱ ስም እንጂ ቁጥር የለውም።

መምራትም በሥርዓት ነበር፤ ዛሬም ነው። ከካይሮ ወይም ከስዊዝ የሚነሣ እንግዳ ግመልና መሪ የሚያገኘው የማመላለስ መብት ካላቸው ጎሣዎች፣ ከሰዋልሃ፣ ከዓሌቃትና ከሙዘይና ነበር። በገዳሙ ዙሪያ ያለው ተራራ ግን የጀበሊያ ነው። መሪው በተራ ይመደባል፤ እንግዳው አይመርጥም፣ መሪውም እንግዳ አይሻማም። ይህ አሠራር የቸኮለ መንገደኛን ያናድዳል። "እንግሊዝኛ የሚችለውን ስጡኝ" ብሎ የተከራከረ ሰው አይቻለሁ። የተሰጠው እንግሊዝኛ የማይችል ሽማግሌ እያንዳንዱን ቋጥኝ ያውቅ ነበር፤ በእርግጥ ቀኑን ሙሉ ሳስተረጉም የዋልኩት እኔ ነኝ።

በ19ኛው መቶ ዘመን የጉዞ ዕቅድ የሚጀምረው ከካይሮ ነበር። ካይሮ የሚገኘው የገዳሙ ቅርንጫፍ ደብዳቤ ካልጻፈ በር አይከፈትም። በር ማለትም ያስቸግራል፤ ዋናው መግቢያ በድንጋይ ተደፍኖ ነበር። እንግዳው ከግንቡ ሥር ቆሞ ይጣራል፣ መጀመሪያ ደብዳቤው በገመድ ይሳባል፣ ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ እርሱ ራሱ ገመድ ላይ ተቀምጦ እስከ ላይኛው መስኮት ይሳባል። ስዊዘርላንዳዊው ቡርክሃርት በ1816 ሲመጣ የነበረው ሥርዓት ይህ ነው። ስለ ጀበሊያዎች፣ ስለ ጎሣዎቹ የጥበቃ መብትና ስለ መንገዱ ርቀት የጻፈው ከሞተ በኋላ በ1822 ታተመ፤ እስካሁን ድረስ የሚጠቅም ነው። ዛሬ ገመዱ ቀርቷል፣ ደብዳቤውን ግን የጸጥታ ኬላው ተክቶታል። ፓስፖርታችሁን ሻንጣ ሥር አትቅበሩት፤ በመንገዱ ላይ ደጋግማችሁ ታወጡታላችሁ።

ከዚያ ቀዳማዊ አባስ ፓሻ መጣ። በ1854 እስከተገደለ ድረስ ግብፅን የገዛው ይህ ሰው የተራራውን አየር ወደደ። ጥሩ አየር ያለበትን ቦታ ለማወቅ በየተራራው ሥጋ ሰቅሎ የትኛው ዘግይቶ እንደሚሸት አስጠበቀ ይላሉ ጀበሊያዎች። ሥጋው የዘገየበት ተራራ ላይ ቤተ መንግሥት አስጀመረ፤ ሳይፈጸም ሞተ፣ ግድግዳዎቹ ጣሪያ እንደናፈቃቸው እስከዛሬ ቆመዋል። ከእርሱ የተረፈው ጠቃሚ ነገር የግመል መንገዱ ነው። ከገዳሙ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ጀበል ሙሳ የሚወጣው ሰፊ መንገድ የእርሱ ዘመን ሥራ ነው፤ ከኤልያስ ሜዳ በላይ ከደረጃው ጋር ይገናኝና የመጨረሻዎቹ 750 ደረጃዎች ለሁሉም አንድ ይሆናሉ። ለቤተ መንግሥት የተጠረገ መንገድ ለተሳላሚ ሆነ። በዚህ መንገድ ምክንያትም ደረጃው ቀስ በቀስ ተረሳ፤ ምክንያቱም በጨለማ ሊሄዱበት የሚቻለው የፓሻው መንገድ ነው።

በ1868 እና 1869 የእንግሊዝ የካርታ ቡድን መጥቶ ተራራዎቹን በሙያ ለካ። ጥያቄያቸው የሕጉ ተራራ የትኛው ነው የሚል ነበር፤ ከዋዲ ፈይራን በላይ ያለውን ሰርባልን የሚደግፉ ምሁራን ነበሩና። ቡድኑ ለጀበል ሙሳ ፈረደ። ፍርዱ ምሁራንን ሁሉ አላሳመነም፤ ተሳላሚውን ግን ከጅምሩም አልጠየቀውም።

የሌሊቱ ልማድ የመጣው ከመንገዱ ጋር ነው። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ሲና በእስራኤል እጅ ነበር፤ የገዳሙ አካባቢ በኅዳር 1979 ለግብፅ ተመለሰ። በዚያና በተከታዮቹ ዓመታት አስፋልቱ ገዳሙ ደጅ ደረሰ፣ በባሕሩ ዳርቻም ሻርም አል-ሼክና ዳሃብ የሆቴል ከተማ ሆኑ። ቱሪስቱ ቀን ባሕር ውስጥ ይውላል፣ ማታ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ሌሊት በእጅ ባትሪ ይወጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ፎቶ ያነሣል፣ ለምሳ ሆቴሉ ይመለሳል። ለሆቴሉ የተመቸ ፕሮግራም ነው። ሌሊት የሚወጣው ሰው የእስጢፋኖስን በር አያይም፣ አትክልቶቹን አያይም፤ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ተረከዝና የሻይ ቤቶቹን መብራት ነው። ብርሃኑ በቀይ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ውብ መሆኑን አልክድም። ያ ብርሃን ግን ከኤልያስ ሜዳም ይታያል፣ ከደረጃው አጋማሽም ይታያል፤ ለዚያ ሲባል ሌሊቱን መንገላታት አያስፈልግም።

አንድ ጊዜ ከጎጃም የመጡ እማሆይ ከቡድናችን ጋር ነበሩ። ሌሎቹ በሌሊት ሊወጡ ሲሰናዱ እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"እማሆይ፣ አይነሡም?" አልኳቸው።

"የት ነው የምነሣው በዚህ ጨለማ? ሙሴ እንኳ ማለዳ ነው የወጣው፤ እኔ ከሙሴ ልቅደም ልጄ?"

እኔም ከእርሳቸው ጋር ቀረሁ። ጎሕ ሲቀድ የተመደበልን ጀበሊያ ሽማግሌ መጣ። የእማሆይን ነገር ሳስተረጉምለት ሳቀ። "ሐጃዋ እውነታቸውን ነው" አለ፤ "አያቴ ሌሊት ሰው አላወጣም። ሌሊት ተራራ የሚወጣው ፍየል የጠፋበት ነው።" በደረጃው ወሰደን። እማሆይ በየጥቂቱ ቆም እያሉ፣ እርሱም ያለ ምንም መቸኮል መቋሚያቸውን ይዞ እየጠበቀ፣ ረፋዱ ላይ ኤልያስ ሜዳ ደረስን። እዚያ ጸሎታቸውን አድርሰው "ይበቃኛል" አሉ። ሌሊት የወጡት ጓደኞቻችን በግመል መንገዱ ወርደው ገና በጠዋት ተኝተው ነበር። ማታ ላይ ምን እንዳዩ ስንጠይቃቸው ስለ ብርዱና ስለ ሰልፉ ነገሩን።

የእኛ ሰዎች እግር እዚያ ምድር አዲስ አይደለም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ መነኮሶቻችን በግብፅ በኩል ያልፉ ነበር፤ በገዳሙ ቤተ መጻሕፍትም ከብዙው የግሪክ፣ የዐረብኛና የሱርስት መጽሐፍ መካከል በግዕዝ የተጻፉ ጥቂት ብራናዎች አሉ። በ1483 ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ሲናን ከወጡት ጀርመናውያን አንዱ ብራይደንባህ በ1486 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ሐበሾችን የሚያሳይ ሥዕል አለ። የሰሜን ሸዋዋን ደብረ ሲና ስም ያወጡት ሰዎች ዋናውን ተራራ ይዩት አይዩት የሚነግረን የለም፤ ገደሏን አይቶ ስሙን የሰጣት ሰው ግን አልተሳሳተም።

አሁን አካባቢው ከ1988 ጀምሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ በ2002 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ2015 የበደዊን ጎሣዎች ተባብረው የሲና የእግር መንገድ የሚባለውን ረጅም ጉዞ ከፈቱ፤ በሦስት ጎሣዎች ተጀምሮ በኋላ ስምንት ጎሣዎች ገብተውበታል። ግብ ያደረጉት የግመል ዘመን መንገዶችንና የመሪነቱን ሙያ ከመጥፋት ማዳን ነው። ከ2021 ወዲህ ግን መንግሥት በጀመረው ትልቅ ፕሮጀክት ሸለቆው ውስጥ አዳዲስ ሆቴሎች እየተገነቡ ነው። ሆቴል ሲበዛ የሌሊት ሰልፉ እንደሚረዝም አልጠራጠርም።

ስለዚህ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ምክሬን ከሰማችሁ ጉዟችሁን በመጋቢትና በሚያዝያ ወይም በጥቅምት አድርጉት። ከዋዜማው ማታ ገዳሙ አጠገብ ባለው መንደር እደሩ። የገዳሙ መግቢያ ሰዓት ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ዓርብ፣ እሑድና በበዓላቸው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ስለሚሆን ገዳሙን የምትሳለሙበትንና ተራራውን የምትወጡበትን ቀን ለዩት። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ ያዙ፤ ሻይ ቤቶቹ በደረጃው በኩል የሉም። ጎሕ ሲቀድ በደረጃው ውጡ፣ እስከ 4 ሰዓት ጫፉ ላይ ሁኑ። በ1934 ከዮስቲንያኖስ ዘመን ፍርስራሽ ላይ የተሠራችው የሥላሴ ጸሎት ቤትና አጠገቧ ያለው መስጊድ በዚያ ሰዓት ባዶ ናቸው፤ የሌሊቶቹ ወርደዋል። መነኮሳቱ ለኤጌሪያ ከዚያ ጫፍ ሆነው ግብፅን፣ ቀይ ባሕርንና እስከ እስክንድርያ የሚወስደውን ባሕር አሳይተዋታል፤ ሜዲትራኒያን ከዚያ እንደማይታይ እወቁ፣ የአስጎብኚ ማጋነን ያኔም ነበር። ጉልበታችሁ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በደረጃው አትውረዱ፤ መውጣቱን ለደረጃው፣ መውረዱን ለፓሻው መንገድ ስጡት። እኩለ ቀን ላይ ኤልያስ ሜዳ ጥላ ሥር ምሳችሁን ብሉ። በ10 ሰዓት ታች ሁኑ። መሪ ከባሕሩ ዳርቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ከመንደሩ፣ ከጀበሊያዎቹ ተራ የደረሰውን ተቀበሉ፣ ክፍያውንም ለራሱ በእጁ ስጡት።